አንድ አሥረኛው ያወዛገበን ዓመት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ የሌዘር መከላከያ መነጽር አመራረጥ መመሪያው ታትሟል፣ ሒሳቡም ተመርምሯል፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ስላለ እዚያ አልቆይም።

የምቆየው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ በነሳኝ ጉዳይ ላይ ነው፦ የሌዘር ጨረር የተጋላጭነት ገደብ፣ ማለትም ዓይን ሳይጎዳ ሊያርፍበት ይችላል የምንለው ከፍተኛ መጠን።

የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 1400 ናኖሜትር የሆነ የሌዘር ጨረር ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ፣ ሲያርፍ እስከ 100,000 እጥፍ ገደማ ሊጠነክር ይችላል። ይህን በጤነኛ ሰው ዓይን ላይ የሚሞክር የለም። ስለዚህ ቀደምቶቻችን ጥንቸልንና ሪሰስ ጦጣን መረጡ። ጥንቸል ለኮርኒያ፣ ለዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ጥናት ጠቅማለች፤ ፎቪያ፣ ማለትም አጥርቶ የሚያየው የሬቲና መሃል፣ ግን የላትም። ጦጣዋ አላት፣ እንደ እኛው። ጨረር ካረፈባቸው ነጥቦች ግማሾቹ የቃጠሎ ምልክት የሚያሳዩበት መጠን ተለካ፤ የተጋላጭነት ገደቡም በአብዛኛው የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ።

ያወዛገበን ይህ አንድ አሥረኛ ነው። አንዱ ወገን "ጦጣዋ በማደንዘዣ ተኝታ፣ ብሌኗ ሰፍቶ ነው የተለካችው፤ ሰው ግን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱን ያዞራል፤ ገደቡ ይላላ" ይላል። ሌላው ደግሞ "የተቆጠረው በመመርመሪያ የታየ ጠባሳ ብቻ ነው፤ ጠባሳ ሳይታይ እይታ ቢጓደልስ?" ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ አልደብቅም። ዓይን ደማቅ ነገር ሲያርፍበት በ0.25 ሰከንድ ገደማ መጨፈኑ ለሚታይ ብርሃን ነው። የ1064 ናኖሜትር ሌዘር አይታይም፤ ለማይታይ ነገር ማን ይጨፍናል?

"እንስሳት ይብቃቸው" የምትሉትንም እሰማለሁ፤ ልባችሁን አከብራለሁ። አዲስ ሙከራ ይቀነስ ብትሉ እፈርማለሁ። ነገር ግን የኮምፒውተር ሞዴሎቻችን ትክክል መሆናቸው የሚፈተሸው በዚያው በጦጣዎቹ መረጃ ነው። ከፍለውበታል፤ መረጃውን እንጣለው ማለት ለእነሱ ምን ውለታ ነው?

ስለዚህ ገደብ በተዘጋጀው ረቂቅ ላይ አስተያየት ለመስጠት ሦስት ጊዜ ተጠርተን ሁለቱን ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ንዑስ ኮሚቴው ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች መረጃውን ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ፈትሸው ጨርሰዋል፤ እኮራባቸዋለሁ። "ጦጣ ሰው አይደለችም" ብለው አራት ገጽ የጻፉልኝ ወንድማችን ግን ዛሬም ወንበርዎ ባዶ ነው። ደብዳቤዎ ድምፅ አይሰጥም። በባዶው ወንበር አጠገብ የተቀመጣችሁ ጓደኞቻቸው እባካችሁ ደውሉላቸው፤ ድምፅ የምንሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ቃለ ጉባኤው ይነበብ።