ማውንድ ባዩ፦ አንድ ጥቅል ጥጥ ባቡር ላይ እስኪወጣ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የገበሬና የባቡር ከተማ ነው። ስሟ ማውንድ ባዩ ነው፤ አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ቦሊቫር ካውንቲ ውስጥ። ከሜምፊስ ወደ ቪክስበርግ በሚወርደው የባቡር መስመር ላይ፣ ከሁለቱ ከተሞች አጋማሽ ገደማ ትገኛለች። ዛሬ ነዋሪዋ 1,500 ያህል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከተማዋ የተመሠረተችው በ1887 ነው። የመሠረቷት ከባርነት የወጡ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው፤ መሪዎቹ አይዛያ ሞንትጎመሪና የአጎቱ ልጅ ቤንጃሚን ግሪን። አይዛያ የተወለደው ዴቪስ ቤንድ በሚባል ሰፊ የጥጥ እርሻ ላይ ነበር። ጌታው ጆሴፍ ዴቪስ፣ ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ኅብረት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ፕሬዚዳንት የነበረው የጄፈርሰን ዴቪስ ታላቅ ወንድም ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1866፣ የአይዛያ አባት ያንን እርሻ ራሱን በ300,000 ዶላር በረጅም ጊዜ ዱቤ ገዛው። ለተወሰኑ ዓመታት በአካባቢው ስሙ የታወቀ ጥጥ አምራች ሆነ። ከዚያ ጎርፉ መጣ፣ የጥጥ ዋጋ ወረደ፣ ወለዱ ግን አልወረደም። እርሻው ተመልሶ ወደ ዴቪስ ቤተሰብ ሄደ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ፤ የእነዚህን ሰዎች ጉዳይ ለመረዳት ቁልፉ ይሄ ነው። መሬት እያላቸው፣ ጥጥ እያመረቱ፣ ሙያው እያላቸው ከሰሩ። ልጁ ማውንድ ባዩን ሲመሠርት ይህንን አይቶ ነው የመጣው።

ባቡሩስ ምን አገባው? የሉዊቪል፣ ኒው ኦርሊንስና ቴክሳስ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በዚያ ጫካ ውስጥ አሳልፎ ዘርግቶ ነበር። ሐዲድ ግን ጭነት ከሌለው ገንዘብ አያመጣም። ጫካ ደግሞ አይጭንም፤ የሚጭነው ገበሬ ነው። ነጭ ሰፋሪዎች ወባውንና ረግረጉን ፈርተው አልመጡም። ስለዚህ ኩባንያው ሞንትጎመሪን አነጋገረ፤ እነሱም ለመነሻ 840 ኤክር፣ ወደ 340 ሄክታር መሆኑ ነው፣ ገዙ። መሬቱን ለገበሬዎች ቆራርሰው ሸጡት። እኩል አራሽ ሳይሆን ባለ ርስት፤ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

መሬቱ ምን ይመስል ነበር ካላችሁ፣ ሳይፕረስ፣ ኦክ፣ ከስር ጥቅጥቅ ያለ ሸምበቆ፣ ድብ ሳይቀር የሚኖርበት። አፈሩ ሁለት ዓይነት ነው። በውኃ መውረጃው ዳርና ዳር ከፍ ያለው ቦታ ለስላሳ፣ አሸዋ የቀላቀለ ነው፤ ዝቅ ያለው ግን መረሬ ነው። የኛን አገር መረሬ የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ሲዘንብ እግርና ማረሻ ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ለማረስ ምቹ የሚሆነው በመሃል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ያቺ ጊዜ ካመለጠች ዘሩ ይዘገያል።

ምንጣሮው እንዲህ ነበር። ትልልቁን ዛፍ ሁሉ ለመጣል አቅም የለም። ስለዚህ የግንዱን ልጥ ዙሪያውን በመጥረቢያ ቀለበት አድርገው ይልጡታል። ምግቡ ይቋረጥበትና ቆሞ ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፀሐይ መሬት ትደርሳለች። በደረቁ ዛፎች መካከል በመጀመሪያ በቆሎ ይዘራል፤ በቆሎው የሰውም የበቅሎም ቀለብ ነው። የዚህ ዘዴ አደጋው ከላይ ነው፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የደረቀው ቅርንጫፍ በሚያርሰው ሰውና በበቅሎው ላይ ይወርዳል።

ታዲያ ጥጥ ሳይደርስ ገንዘብ ከየት መጣ? ከእንጨቱ። ከሐዲዱ ስር በአግድም የሚነጠፈውን እንጨት ራሱ ባቡሩ ይገዛቸው ነበር። አንዱ እንጨት ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከ1,600 በላይ ያስፈልጋል። በዚያ እርጥበት ውስጥ ያልታከመ ኦክ ከ8 ዓመት ብዙም አይዘልቅም፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበያው አይደርቅም። ሰፋሪው መሬቱን እየመነጠረ፣ የመነጠረውን እየሸጠ፣ በሸጠው የመሬቱን ዕዳ ይከፍላል። ብልህ አካሄድ ነው። ግን እንጨት አንዴ ተቆርጦ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫነው ጥጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥጡ እንምጣ፤ የከተማዋ ነገር ያለው እሱ ላይ ነው።

ጥጥ በሚያዝያ አካባቢ ይዘራል፣ ጠቅጠቅ ተደርጎ፤ ከመረሬ ውስጥ ሁሉም ዘር አይወጣምና። በግንቦትና በሰኔ በመኮትኮቻ ይሳሳል፣ ይታረማል። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ከተከታተለ ሣሩ ይቀድምና ጥጡን ይውጠዋል። ለቀማው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይሄዳል። የበረታ ሰው በቀን ከ70 እስከ 90 ኪሎ ይለቅማል። የፈነዳው እምቡጥ ሽፋን ጫፉ እንደ እሾህ ስለሆነ ጣት ይቧጭራል፣ ጥፍር ስር ይገባል፤ የደማ ጣት ደግሞ ነጩን ጥጥ ያቆሽሻል።

አንድ ጥቅል ለመሥራት ያልተዳመጠ፣ ማለትም ፍሬው ያልተለየለት፣ ጥጥ 680 ኪሎ፣ ማለትም 7 ኩንታል ለመሙላት ትንሽ የቀረው፣ ያስፈልጋል። ይህ በሠረገላ ተጭኖ ወደ መዳመጫው ይመጣል። መዳመጫው ውስጥ ጥርስ ያላቸው ክብ መጋዞች በቀጫጭን የብረት ፍርግርግ መካከል ይሽከረከራሉ። ጥርሱ ጭረቱን፣ ማለትም የጥጡን ቀጭን ክር፣ ይዞ ያልፋል፣ ፍሬው ስለማያልፍ ወደ ታች ይወድቃል። ብሩሽ ጭረቱን ከጥርሱ ላይ ይጠርጋል፣ ከዚያ ተጨምቆ፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ በብረት ማሰሪያ ይታሰራል። የሚወጣው 227 ኪሎ ጥጥና ወደ 4 ኩንታል ተኩል ፍሬ ነው። አያችሁ? በክብደት ሲታይ ገበሬው ያመረተው ከጥጡ ይልቅ ፍሬ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ጥጡ እርጥብ ከሆነ ይጓጉላል፣ መጋዙ ጭረቱን ይቆራርጠዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። በጥጡ ውስጥ ጠጠር ወይም ክብሪት ካለ ብልጭታ ይነሳል፤ በአቧራና በብናኝ የተሞላ ቤት ነው፣ በደቂቃ ይነዳል። ጥቅሉ ታስሮ ጣቢያው አጠገብ መሬት ላይ ከተተወና ዝናብ ከመታው ከስሩ ይሻግታል። ገዢው ሲመጣ የጥቅሉን ጎን በቢላ ይሰነጥቅና እፍኝ ያወጣል። ቀለሙን ያያል፣ ቅጠል እንዳለው ይፈትሻል፣ ትንሽ ቆንጥሮ በሁለት አውራ ጣቶቹ መካከል ይስብና የጭረቱን ርዝመት ያነባል። የዓመቱ ልፋት ዋጋ የሚቆረጠው በዚያች ቅጽበት፣ በዚያ ሰው ጣት ነው። ገበሬው ደግሞ የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም፤ ጥጡ ከመዘራቱ በፊት ለበቅሎ፣ ለዱቄት፣ ለማረሻ ዱቤ ወስዶበታል። አበዳሪው ነጋዴ ዱቤውን የሚሰጠው ጥጥ ከዘራ ብቻ ነው፤ ጎመን ወይም ባቄላ በመያዣነት አይቀበልም።

የማውንድ ባዩ መሪዎች ይህ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የሠሩትን ተመልከቱ፦ መዳመጫው የራሳቸው። በ1904 የከተማዋ ነጋዴ ቻርልስ ባንክስ የማውንድ ባዩን ባንክ ከፈተ፣ ዱቤውም ከውስጥ እንዲሆን። ከዚያ በ1912 የጥጥ ፍሬ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፣ የዘመኑ ታዋቂ ጥቁር መሪና አስተማሪ ቡከር ቲ ዋሽንግተን ተገኝቶ ንግግር አደረገ። የፋብሪካው ሐሳብ ትክክል ነበር። ከ1 ኩንታል ፍሬ ወደ 15 ኪሎ ዘይትና ወደ 45 ኪሎ ፋጉሎ ይወጣል፤ ያ ሁሉ በባቡር ተጭኖ ለሌላ ሰው ፋብሪካ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን አልሠራም? ዘይት ፋብሪካ የሚገደለው በሥራ ማስኬጃ እጥረት ነው። ፍሬ የሚገኘው በመከር ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ለዓመት የሚበቃውን በጥሬ ገንዘብ፣ በአንድ ጊዜ መግዛት ግድ ይላል። እነሱ ገንዘቡን ሁሉ ግንባታው ላይ ጨረሱት። ፍሬ ደግሞ እርጥበት ካለው ክምር ውስጥ ይግላል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ስለዚህ አይጠብቅም። በ1914 በአውሮፓ ጦርነት ሲነሳ የጥጥ ገበያ ተንኮታኮተ፤ በዚያው ዓመት ባንኩ ተዘጋ። የጥጥ ነቀዝም ከ1907 ጀምሮ ሚሲሲፒ ገብቶ ነበር፤ እምቡጡን በስቶ እንቁላሉን ውስጡ ይጥላል፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማዛባት ይሆንብኛል። በ1890 በሚሲሲፒ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ብቸኛው ጥቁር ተወካይ ሞንትጎመሪ ነበር፤ ጥቁሮችን ከምርጫ ያስወጣውን ድንጋጌ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ከተማዋን ለማትረፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዋጋው እጅግ ከባድ ነበር እላለሁ፤ የመላው ግዛት ጥቁር ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት ከፍሎታል።

በ1942 ታቦሪያን ሆስፒታል ተከፈተ፤ ጥቁሮች በአባልነት መዋጮ ያቆሙት፣ ጥቁር ሕመምተኛ በጓሮ ሳይሆን በዋናው በር የሚገባበት። የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ዋና ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሃዋርድ ነበር። በ1952 ኋላ በጥቁሮች መብት ትግል ስሙ የታወቀው ሜድጋር ኤቨርስ ለኢንሹራንስ ሥራ ወደዚህች ከተማ መጣ፤ የመብት ትግሉን የጀመረውም በዚህ አካባቢ ነው።

በ1967 ደግሞ ከታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች የዴልታ ጤና ማዕከልን ከፈቱ። ያገኙት በሽታ ረሃብ ነበር፤ በአገሪቱ ለም ከሚባለው አፈር ላይ። በወቅቱ ማሽን ለቃሚውን ተክቶት ነበር፣ መሬቱም እስከ ደጃፍ ድረስ ጥጥ ነው። ዶክተር ጃክ ጋይገርና ባልደረቦቹ ለተራቡ ልጆች ምግብ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሒሳቡም ከመድኃኒት ቤቱ በጀት ተከፈለ። ጆን ሃች የሚባለው የማዕከሉ ሰው ደግሞ ነዋሪውን አደራጅቶ የሰሜን ቦሊቫር የእርሻ ኅብረት ሥራን አቋቋመ። ያ መሬት በቆሎ፣ አተር፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች ተዘራበት። ምርቱ ወደ ጣቢያው አልሄደም፤ ለቃሚዎቹ ቤት ገባ።