38 ደብዳቤዎች

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ሰብሳቢያችን "ስለ ዋጋ ንረት 20 ደቂቃ አውራልን፤ ግን ቀለል አድርገው" ብሎኛል። በ20 ደቂቃው እስማማለሁ። ቀለል ማድረጉን ግን ቃል አልገባሁለትም። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በደመወዝ መስኮት በኩል ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ቁጭ ብዬ ለዓመታት ገንዘብ ቆጥሬላችኋለሁ። ቆርጬባችኋለሁም። "ተቀናሽ" የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የአንዳንዶቻችሁ ፊት ዛሬም ይመጣብኛል።

አዳዲሶቹ አባላት ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ዋጋ ለምንድን ነው የሚንረው? ከዚያ ልጀምር።

አንድ ዕቃ ተወደደ ማለት ንረት አይደለም። እሱን ትታችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ንረት የሚባለው ሁሉም ነገር ባንድነት፣ ፋታ ሳይሰጥ ሲወደድ ነው። ብሩ ከኪሳችሁ ሳይወጣ አቅሙ ያልቃል።

አንዱ ምክንያት ገንዘቡ ራሱ ነው። መንግሥት ከሚሰበስበው በላይ ያወጣል። ጉድለቱን ማዕከላዊ ባንኩ እያተመ ይሞላለታል። ዕቃው ያው ነው፣ ገንዘቡ ግን በዛ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። ሀንጋሪ ደግሞ ባሰባት። በሐምሌ 1946 ዋጋ በ15 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር። ይህን ሳነብ መስኮቴ ነው የታወሰኝ። ያኔ ሀንጋሪ ውስጥ ደመወዝ ከፋይ ብሆን፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ሊቀበለኝ ሲደርስ ደመወዙ ተሸርሽሮ ይጠብቀው ነበር።

ሚልተን ፍሪድማን የሚባለው ኢኮኖሚስት የዋጋ ንረት ሁልጊዜም፣ በየትም ቦታ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብሏል። ለጀርመንና ለሀንጋሪ እውነቱን ነው። ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። በ1973 መገባደጃ የዓረብ ነዳጅ ላኪዎች ማዕቀብ ጣሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ነዳጅ ሲወደድ መኪናው፣ ማዳበሪያው፣ ፕላስቲኩ፣ ሁሉም ተከትሎ ወጣ። በ2021 ደግሞ ከወረርሽኙ በኋላ መርከቦች ወደብ ላይ ተደረደሩ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፋ። በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጨመርበት ጋዝና ስንዴ ሰማይ ነኩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የአሜሪካ ንረት 9.1 በመቶ ገባ። ጥቅምት ላይ የብሪታንያው 11.1 በመቶ ሆነ።

እርግጥ በወረርሽኙ ጊዜ መንግሥታት ገንዘብ በብዛት ረጭተዋል። እሱም እጁ አለበት፣ አልክድም። ግን ወደብ ላይ የታሰረውን መርከብ ማንም ሠራተኛ አላሰረውም።

መድኃኒቱ ግን ምን ነበር? በሽታው ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወለድ መጨመር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ በሐምሌ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ወለድ ስንዴ አያበቅልም። ጋዝም አያወጣም። ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው? ብድር ይወደዳል። ቤት የሚሠራው ግንባታውን ያቆማል። ፋብሪካው አዲስ ሰው አይቀጥርም፣ ቀጥሎም ያለውን ይቀንሳል። ሥራ የፈታ ሰው አይገዛም። ሥራ ላይ ያለውም "ጭማሪ" ማለት ይፈራል። ገዢ ሲጠፋ ዋጋ ይረጋጋል። በኢኮኖሚስቶች ቋንቋ ይህ "ፍላጎትን ማቀዝቀዝ" ይባላል። ቃሉ ሲያምር! የማን ፍላጎት ነው የሚቀዘቅዘው? እኛ እናውቀዋለን። ቀዝቅዘን አይተነዋል።

እስቲ ያንን ዓመት ላስታውሳችሁ። ብታውቁትም በእኔ በኩል የነበረውን አልሰማችሁትም።

ፋብሪካችን ለአዲሶቹ ማሽኖች የተበደረው ብድር ወለዱ ተለዋዋጭ ነበር። ባንኩ ሲጨምር እኛም ላይ ይጨምራል። ሁለቴ ጨመረ። ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዝጋ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የስም ዝርዝር ነበር። 38 ሰው። ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም የሁሉም ፋይል ያለው እኔ ጋ ነው። "በወቅቱ የገበያ ሁኔታ ምክንያት" የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ። ሁሉም ላይ እሱ ብቻ ይገባል።

ማታ ብቻዬን ቀርቼ ጻፍኩ። ስም ቀይር፣ አትም። ስም ቀይር፣ አትም። አሥራ ምናምነኛው ላይ ስደርስ አንዱን አወቅሁት። ማለቴ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ እሱን ግን የዚያኑ ሰሞን ሳናግረው ነበር። የመጋዘን ሠራተኛችን ነው። ጭማሪ ሊጠይቅ መጥቶ፣ እኔም እንደ ምሁር አስረድቼው ነበር። "ጋሼ፣ ደመወዝ ከጨመረ ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋ ከጨመረ ደግሞ ጭማሪው ትርጉም የለውም" ብዬው ነበር። በትሕትና ሰምቶኝ "እሺ ልጄ" ብሎ ሄደ። ያቺን "እሺ ልጄ" እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በማግስቱ ደብዳቤዎቹ ታደሉ። ያለቀሰ ነበር። የተሳደበም ነበር፣ በተለይ እኔን። ጋሼ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ መጣ። መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አጠለቀው። "ልጄ፣ የአባቴን ስም አሳስተኸዋል" አለኝ። አየሁት። አንድ ፊደል ተሳስቷል። "ስታባርሩኝ እንኳ በስሜ አባሩኝ" አለ። ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩለት። ቆሞ ጠበቀኝ። አንብቦ፣ ፈርሞ ተቀበለ።

ያ ሰው አንድ ወረቀት ገንዘብ አትሞ አያውቅም። ነዳጅ አላስወደደም። የጠየቀውን ጭማሪ እንኳ አላገኘም። የንረቱን ሂሳብ የከፈለው ግን እሱ ነው!

አሁን "ግን እኮ ሠርቷል" የሚለኝ አይጠፋም። ሠርቷል። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ፖል ቮልከር በ1979 ሥልጣን ያዘ። በ1980 ንረቱ ከ14 በመቶ አልፎ ነበር። ወለዱን ወደ 20 በመቶ ሰቀለው። በ1983 ንረቱ ወደ 3 በመቶ አካባቢ ወረደ። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት እንደ ጀግና ያነሱታል። በመካከል ግን በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ደግሞ ከአምስት አንዱ ሥራ አልነበረውም። ቤት ሠሪዎች ሥራ ሲያጡ ለቮልከር የጣውላ ቁራጭ በፖስታ ይልኩለት ነበር። መኪና ሻጮች ያልተሸጡ መኪኖችን ቁልፍ ላኩለት።

ሜክሲኮ ደግሞ ምን አደረገች? ቮልከርን አልመረጠችውም፣ አልሾመችውም። ግን የተበደረችው በዶላር ነበር፤ ወለዱም እንደ ፋብሪካችን ብድር ተለዋዋጭ ነው። ነሐሴ 1982 ላይ መክፈል አልችልም አለች። ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ተከተሉ። ያንን ዘመን እዚያ "የጠፋው አሥር ዓመት" ይሉታል። ዋሽንግተን ውስጥ የተወሰነ ውሳኔ፣ ሌላ አገር ውስጥ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል በጀት ቆረጠ።

አሁንም ያው ነው። በየካቲት 2022 የብሪታንያ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ አንድሩ ቤይሊ፣ ሠራተኞች ትልቅ ጭማሪ ከመጠየቅ ይታቀቡ አሉ። የእሳቸው ዓመታዊ ክፍያ ያኔ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። እኔ ለጋሼ የነገርኩትን ነው የደገሙት፤ ልዩነቱ እኔ ደሃ ሆኜ መናገሬ ነው። ከዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአውሮፓን ንረት መረመረ። ከጭማሪው ግማሽ የሚጠጋው ከኩባንያዎች ትርፍ መጨመር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ኩባንያዎቹን ትርፍ ከመጨመር ታቀቡ ያላቸው ማን ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው!

"ታዲያ ንረቱ ይቀጥል ወይ?" ትሉኛላችሁ። አልልም። ንረትም ደሃ ይበላል። ጡረተኛው ላይ ምን እንደሚያደርግ እዚህ ከተቀመጣችሁት በላይ የሚያውቅ የለም። ባለሀብት መሬት ይገዛል፣ ዶላር ይይዛል። በዚያ በጀርመን ንረት ጊዜ ሁጎ ስቲነስ የሚባል ኢንዱስትሪያሊስት በብድር ኩባንያ እየገዛ፣ ዕዳውን ዋጋ ባጣ ማርክ እየከፈለ ከበረ። ቆጣቢው ከሰረ። ስለዚህ ዝም ማለትም ሂሳብ አለው። የምለው አንድ ነገር ነው። ሂሳቡ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ይክፈሉ።

ይቻላል ወይ? በከፊል ይቻላል። በ2022 ብሪታንያ ከነዳጅና ጋዝ አምራቾች ትርፍ ላይ ተጨማሪ ግብር ጣለች። ሥራ ያጣ ሰው የሚደገፍበት ገንዘብ ደግሞ ወለዱ ከመጨመሩ በፊት መዘጋጀት አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። የመጠባበቂያ እህልም አለ፤ ስለ እሱ ብዙ ጽፌ ነበር፣ ግን ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው።

ስለ ቁጠባ ልናገር ያሰብኩትን ትቼዋለሁ። ወደ ራሳችን ልግባ። ከዕረፍት በኋላ አጀንዳ 4 ላይ ኮሚቴው የማኅበራችንን የብድር ወለድ ለመጨመር ድምፅ ያሰጣችኋል። ምክንያቱን አንብቤዋለሁ። "በወቅቱ የገበያ ሁኔታ ምክንያት" ይላል። እኔ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እንዴት እዚህ እንደደረሰች አላውቅም።

ጭማሪው ምናልባት ግድ ይሆናል። ከተዘጋጀው ወረቀት ላይ ግን ተበዳሪዎቹ ምን እንዳሉ የሚገልጽ አንድ መስመር አላገኘሁም። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንደኛው ጋሼ ነው። መነጽሩን እየጠረገ ነው። የቀረኝን አምስት ደቂቃ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። እባካችሁ ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።