ማሽኑ የሚጣለውን ያውቃል?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የተከራከርንበት ጉዳይ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው፦ ኤአይ ከራሱ አዲስ ነገር መፍጠር ይችላል ወይ?

አይችልም የሚሉት ብዙ ጊዜ «ያየውን ነው የሚደግመው» ይላሉ። ይኼ እኔን አያሳምነኝም። ጎ የሚባለውን የእስያ ጨዋታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ 19 በ19 መስመር ባለው ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር እየደረደሩ ቦታ መያዝ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2016 ሶል ላይ ኮሪያዊው ሊ ሴዶል፣ ከዓለም ምርጦች አንዱ፣ አልፋጎ ከሚባለው የጉግል ዲፕማይንድ የኤአይ ፕሮግራም ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ጨዋታ ማሽኑ 37ኛዋን እርምጃ ሲጫወት በቀጥታ ሲተነትኑ የነበሩት ባለሙያዎች ተሳሳተ መሰላቸው። ሊ ከ12 ደቂቃ በላይ አሰበ። አልፋጎ ራሱ ሰው እዚያ የመጫወት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው ብሎ አስልቶ ነበር፤ እያወቀ ተጫወታት፣ አሸነፈም። ይኼን ድግግሞሽ ነው ማለት ይከብደኛል።

ሊም ዝም አላለም። በአራተኛው ጨዋታ 78ኛዋ እርምጃ ላይ እሱም ማሽኑ ከ10,000 አንድ ያላትን ጠጠር አስቀምጦ አልፋጎን ግራ አጋባው። በድምሩ 4 ለ1 ቢሸነፍም ያንን አሸነፈ። እና አዲስነት ብቻ ከሆነ መለኪያው፣ ሁለቱም አልፈዋል።

ለእኔ ከባዱ ነገር ካመጡት ውስጥ የማይረባውን ለይቶ መጣል ነው። ጎ ላይ መጨረሻ ላይ ይቆጠራል፣ ወይ አሸንፈሃል ወይ ተሸንፈሃል። አልፋጎ ከራሱ ጋር ሚሊዮን ጊዜ ሲጫወት ያረመው ውጤቱ ነው። ግጥም ላይ ማን ይቁጠር?

አንዱን ቻትቦት ሰምና ወርቅ ያላት ሁለት ስንኝ ግጠምልኝ አልኩት። ቤት የሚመታ ነገር ሰጠኝ፣ ከዚያ ሳልጠይቀው «ሰሙ ይኼ ነው፣ ወርቁ ይኼ ነው» ብሎ ማብራሪያ ጨመረልኝ። ማብራሪያው አሪፍ ነው። ወርቁ ግን ስንኙ ውስጥ የለም! የለም እኮ ስለው «ልክ ነህ» አለና በዚያው ልበ ሙሉነት ሌላ ባዶ ሰጠኝ። ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ፊት ነው የሚያቀርበው።

የቅኔ ቤት ተማሪን አስቡ፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ። መጀመሪያ የመምህሩንና የቀደሙትን ቅኔ ያጠናል፤ እዚህ ድረስ ከማሽኑ ብዙም አይለይም። ከዚያ ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ያዘጋጃል፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ 8 ቤቱ መወድስ፣ ለመምህሩም ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፣ ይጥላሉ። እየቆየ ግን ወደ እሳቸው ሳይሄድ ራሱ መጣል ይጀምራል። ምክንያቱም አንድ ቀን ማኅሌት ላይ ሲቀኝ፣ የዚያን ዕለት በዓል የሚነካ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ መሆን አለበት፤ አጠገቡ የቆሙት ሊቃውንት ደግሞ ወዲያው ይሰሙታል፣ ማምለጫ የለውም።

ቻትቦቶቹም እኮ መምህር አላቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሰዎች «ይኼኛው መልስ ይሻላል» እያሉ ነጥብ እየሰጡ ያሠለጥኗቸዋል። ግን የብዙ ሰው ምርጫ ሲደባለቅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ማንንም የማያስከፋ ነገር ነው፣ እና ማንንም የማያስከፋ ቅኔ… እንጃ፣ እኔ አልሰማሁም።

ስለዚህ የኔ አቋም፦ ጎ ላይ አዎ ፈጥሯል፣ ምንም አልከራከርም። ግጥም ላይ ገና ነው። ሐሳቤን የምቀይረው ግጠምልኝ ስለው፣ ማንም ሳያዘው፣ «ዛሬ የመጣልኝ ሁሉ አይረባም፣ ነገ ተመለስ» ያለኝ ቀን ነው። የምትቃወሙኝ ጻፉልኝ፣ በተለይ ቅኔ ቤት የገባችሁ። ቻው።