ቢራቢሮዋን ከመፈለግ በፊት ቅጠሏን መፈለግ

ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወሎ ነን፤ ከደሴ ተነሥተን፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን እስከ ባቲ እንዘልቃለን። የምንመለከተው ቢራቢሮዎችን፣ የእሳት እራቶችንና ጥንዚዛዎችን ነው፤ አስቀድመን የምንፈልገው ግን ማንም ያልዘራውን፣ በመንገድ ዳርና በእርሻ ድንበር ላይ በራሱ ጊዜ የበቀለውን ተክል ነው። ደግሜ ልናገረው፦ አስቀድመን የምንፈልገው ተክሉን ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከባቲ ገበያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ገበያው ሰኞ ነው የሚቆመው። ከደጋው እህል የጫነው ይወርዳል፣ ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ግመል ሊገዛ የመጣ ሰው ታዲያ ገበያውን ሁሉ ሲያስስ አይውልም፤ በቀጥታ ወደ ግመል ተራ ያመራል። ስንዴ የምትሻ እናትም እህል ተራ ትገባለች፤ ገብታም ዝም ብላ አታሰፍርም፤ እፍኝ አንሥታ በመዳፏ ታሻለች፣ ገለባውን እፍ ትላለች፣ አንዲት ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፣ ካላማራትም መልሳ ወደሚቀጥለው ሻጭ ታልፋለች። እንቁላሏን ልትጥል የምትዞር ቢራቢሮ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ቅጠል ላይ ታርፍና በፊት እግሮቿ ደጋግማ ትመታዋለች፤ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት በእግሯ ላይ ጭምር ስላሏት በዚያ ምት ቅጠሉን ቀመሰችው ማለት ነው። ልጆቿ የማይበሉት ከሆነ ወዲያው ትነሣለች፣ ከሆነ ግን እንቁላሏን ትጥላለች። ገበያተኛው ሁሉ በአንድ ሰዓት እንደማይመጣ ሁሉ፣ በአንድ ቁጥቋጦ ላይም ማለዳ ፀሐይ የሚሞቁ ጥንዚዛዎች፣ ረፋድ ላይ ቢራቢሮዎች፣ ሲመሽ ደግሞ የእሳት እራቶች ይፈራረቃሉ። ስለዚህ ቢራቢሮ እያሳደዳችሁ ገደል ለገደል አትሩጡ፤ ተራዋን እወቁና እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ።

ከእንቁላል አባጨጓሬ፣ ከአባጨጓሬ ፑፓ፣ ከፑፓ ባለ ክንፍ እንደሚወጣ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ስለሆነ አልዘገይበትም። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ይወፍራል፤ የእሳት እራት አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ወይም ላባማ ነው፤ የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ደግሞ ጠንክረው የኋለኞቹን ይሸፍናሉ። ይህ ለዛሬ ይበቃናል።

አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደምናገኘው ጦቢያው እንሂድ፤ ቅንቦ የሚሉትም አሉ። ሰፊና ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ቁጥቋጦ ነው። ከብቱም ስለማይደፍረው ብዙዎቻችን እንደማይረባ ቆጥረን እናልፈዋለን፤ እኔ ግን በመንገዱ ላይ ካሉት ተክሎች ሁሉ የማስበልጠው እርሱን ነው። ብርቱካናማዋ ቢራቢሮ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ዳናውስ ክራይሲፐስ፣ እዚህ ትመጣለች። ሆዷን አጥፋ ወደ ቅጠሉ ሥር ትሰድድና አንዲት እንቁላል ብቻ ለጥፋ ወደ ሌላ ቅጠል ትሻገራለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበቶች አሉት፤ በጀርባውም ላይ ሦስት ጥንድ ጥቋቁር፣ ለስላሳ ዘንጎች ቆመዋል። የቅጠሉን መርዝ እየበላ በሰውነቱ ያከማቻል፣ ክንፍ ካወጣ በኋላም ስለሚይዘው አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ዳግመኛ አይነካውም። ይህንኑ ጥበቃ የምትጋራ ሌላ ቢራቢሮም አለች። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ናት፤ እንስቷ መርዝ ሳይኖራት የዳናውስን መልክ ይዛ ትበርራለች። ለመለየት የኋላ ክንፏን ተመልከቱ፤ ዳናውስ በመሀሉ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ሲኖሯት፣ አስመሳይዋ ግን በላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ብቻ አላት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ባለፈው ዝግጅታችን ሥር ብዙዎቻችሁ «የቢራቢሮ ክንፍ ዱቄት ዓይን ያጠፋል፤ ልጆቻችንን ለምን ታስጠጓቸዋላችሁ?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ጥያቄው ከወላጅ ጭንቀት የመጣ ስለሆነ በሚገባ መመለስ ይገባዋል። በጣታችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት መርዝ አይደለም። የክንፉ ገጽ ረድፍ በረድፍ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ ቀለሙን የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው፤ ስትነኩት እነዚያ ቅርፊቶች ይረግፋሉ። ዓይን ውስጥ ቢገቡ እንደማንኛውም ብናኝ ይቆረቁራሉ እንጂ አያሳውሩም። ረግፈው ስለማይተኩ የሚጎዳው ቢራቢሮው ነው፤ ክንፉን አትያዙ የምለውም ለእርሱ ብዬ ነው። ለዓይን የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ እርሱም እዚያው ተክል ላይ ይገኛል። የጦቢያው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቅጠሉን አትቁረጡ፣ የነካ እጃችሁን ሳትታጠቡም ዓይናችሁን አትሹ። ፀጉራም አባጨጓሬም እንዲሁ ነው፤ ፀጉሩ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከተሰካ ደግሞ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ያመጣል። ልጆቻችሁን ከቢራቢሮዋ አትከልክሉ፤ ከወተቱና ከፀጉሩ ጠብቋቸው።

ወደ ጥንዚዛ ስንመጣ፣ የወሎ ቆላ ገበሬ በደንብ የሚያውቀውን የማሽላ ጥንዚዛ አነሣለሁ፤ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ይባላል። ጥቁርና ቢጫ ነው። ማሽላው ወተት ሲቋጥር እሸቱን እየበላ ገበሬውን ያስለቅሰዋል፤ ማሽላ በሌለበት ወቅት ግን የግራር አበባን ጨምሮ በዱር ተክሎች ላይ ይቆያል። ማሳውን የሚጠብቅ ሰው ድንበሩ ላይ ያለውንም ግራር ማየት ይኖርበታል። ሲነሣ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ ሌሎች ጥንዚዛዎች ጠንካራውን የፊት ክንፍ ከፍተው ሲበሩ፣ እርሱ ግን እንደተከደነ ሆኖ የኋላ ክንፎቹን በጎን አውጥቶ ነው የሚበርረው።

ለእሳት እራት ደግሞ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ ነጭ አንሶላ በሁለት እንጨት መካከል ወጥራችሁ አምፖል አብሩበት። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ነፍሳቱ ወደ ብርሃን የሚመጡት ወደውት አይደለም፤ በተፈጥሯቸው ጀርባቸውን ወደ ብሩሁ ሰማይ አዙረው ስለሚበሩ፣ አምፖሉ ሰማይ መስሏቸው እየተዘቀዘቁ በዙሪያው ይታሰራሉ። በመሆኑም ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልክታችሁ መብራቱን አጥፉላቸው። አንሶላው ላይ የተምች እናትና አባትም ሊያርፉ ይችላሉ፤ ተምች የእሳት እራት አባጨጓሬ መሆኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አደዩም ሌላውም አበባ ሲፈካ፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ወቅት ነው። ፎቶ ስትልኩልን ነፍሳቱን ብቻ ሳይሆን ያረፉበትን ተክል፣ የቅጠሉን ላይና ታች፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጨምሩልን፤ ያለ ተክሉ ለመለየት እንቸገራለን። ቻናላችንን ሰብስክራይብ ያደረጋችሁ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የየጎፍ ደን እንገናኛለን።