ጋላክቲካ የማን ናት?

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ስለ አሜሪካዊው የህዋ ቴሌቪዥን ተከታታይ «ባትልስታር ጋላክቲካ» እንነጋገር ስንል ሁለት ወገን እንደምንሆን አውቀን ነው። የ1978ቱን የምትወዱ አላችሁ። የ2003ቱን የምትወዱ ደግሞ ትበዛላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ክርክሩ መሞቁ አይቀርም፤ ይሙቅ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የድሮዎቹን ወዳጆች ቅሬታ ዛሬ በደንብ እናዳምጠው። «ለውጥ የማይወዱ ሰዎች» ብለን ስናልፋቸው ኖረናል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም።

እስቲ ከእነሱ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ተከታታዩ በኤቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978 ነው። በዚያው ምሽት ስርጭቱ መሃል ላይ ተቋረጠ። ካርተር፣ ሳዳትና ቤጊን የግብፅና የእስራኤልን የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ሲፈርሙ ለማሳየት ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ስራ አንድ ሲዝን ብቻ ቆይቶ በ1979 ተዘጋ። በ1980 በቀነሰ ወጪ የመጣው ተከታይ የስደተኞቹን መርከቦች ምድር ቢያደርሳቸውም፣ ዋናውን ጀግና አፖሎን ሳይዝ ነው የመጣው። እሱም ብዙ አልቆየም። አስራ ሁለቱ የሰው ልጅ ዓለማት ሳይሎን በተባሉ ሮቦቶች ሲጠፉ ያየ፣ ከተረፉት ጋር አብሮ የተሰደደ ተመልካች መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ተጠበቀ። አፖሎን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ሃች ታሪኩን የሚቀጥሉ ልብወለዶች ጻፈ። ከኪሱ አውጥቶ የማሳያ ፊልም ሰራና በ1999 በአድናቂዎች ጉባኤ ላይ እያሳየ «ይቀጥልልን» አለ። በ2001 የድሮውን ታሪክ የሚቀጥል ስራ በእርግጥም ተጀምሮ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ጊዜው ተዛባ፣ ዳይሬክተሩ ብራያን ሲንገር ወደ ሌላ ፊልም ሄደ፣ ነገሩ ቀረ።

ልክ አፋቸው ላይ ደርሶ ከተወሰደባቸው በኋላ ነው እንግዲህ የአዲሱ ተከታታይ ደራሲና አዘጋጅ የሮናልድ ሙር ስራ የመጣው። እሱም የድሮውን የሚቀጥል አልነበረም፤ ከዜሮ የጀመረ ነበር። ሳይሎኖቹን የሰራቸው የሰው ልጅ ራሱ ሆነ፤ ከእኛ የማይለዩም አሉባቸው። ሲጋራውን የማይጥለው ጀግናው ስታርባክ ሴት ሆነ። ሙር በ2003 ስራውን ይዞ አድናቂዎቹ ፊት ሲቀርብ የተቀበሉት በተቃውሞ ጩኸት ነው። የድሮው ስታርባክ፣ ዲርክ ቤኔዲክት፣ መራራ ጽሑፍ ጻፈ።

የእኔን አቋም ልንገራችሁ። ስለ ስታርባክ ከቅሬታው ጋር አልስማማም። ኬቲ ሳክሆፍ የተጫወተቻት ሴት ድፍረቷም ቁስሏም የራሷ ነው። ከዚያ ተከታታይ እሷን ማውጣት ልቡን እንደማውጣት ነው። ሲጀመር ካየሁት ሁሉ የ2003ቱን አስበልጣለሁ።

ግን ብዙ ያልተወራበት ሌላ ነገር አለ፤ እኛን ደግሞ በቀጥታ ይመለከተናል። በ1978ቱ ተከታታይ፣ ጋላክቲካ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከአዛዡ ቀጥሎ ያለው ሰው፣ ኮሎኔል ታይ፣ ጥቁር ነበር። ተዋናዩ ተሪ ካርተር ነው። አብራሪው ቡመርም ጥቁር ነበር፤ ኸርበርት ጀፈርሰን። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ፣ ህዋ ውስጥ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ጥቁር መኮንን በየሳምንቱ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። በአዲሱ ታይን ማይክል ሆጋን፣ ቡመርን ግሬስ ፓርክ ያዙት። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን የተወለደችው ካንዲስ ማክሉርም በመርከቧ ላይ አለች። ሆኖም የማዕረጉ ቦታ ተመልሶ አልመጣም። ስለ ስታርባክ ያን ያህል ሲጮህ፣ ይህ ዝም ተብሎ ማለፉ ያሳዝነኛል። ዛሬ ከሰዓት ብታነሱት ደስ ይለኛል።

ሃች ምን አደረገ? አዲሱን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ከዚያ ሙር ጋበዘው፣ እሱም ገባ። በመጀመሪያው ሲዝን ቶም ዛሬክን ሆኖ መጣ፤ ነጻነት ታጋይ የሚሉትም ነፍሰ ገዳይ የሚሉትም እስረኛ። በ2009 መርከቧ ላይ አመጽ ከሚመሩት አንዱ ይኸው ሰው ነው። እዩልኝ፣ ተቃዋሚውን ተቃዋሚ አድርገው ቀጠሩት! ሃች በ2017 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የሁለቱም ጋላክቲካ ሰው ሆኖ ኖረ። ማንም የድሮውን ፍቅሩን እንዲተው አልጠየቀውም።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው። በ2019 ፒኮክ የተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በአዘጋጁ ሳም እስማኤል መሪነት ሌላ ጋላክቲካ እንደሚሰራ ሲነገር፣ እዚሁ ማህበራችን ውስጥ «የ2003ቱን ማን ይነካዋል!» የሚል ስንት ሰው ነበር። በ2024 ፒኮክ ትቶታል። ቢሆንም አንድ ቀን ሌላ ሰው ያነሳዋል። ያን ጊዜ ያላየነውን ስራ ከወዲሁ አንቅበር። የሚከፋው ሰውም ይከፋው፤ መብቱ ነው። ተዋንያኑን ግን አንሳደብ። ሚናውን የጻፉት እነሱ አይደሉም።

ወደ ፕሮግራማችን ልለፍ። ከሻይ በፊት የ1978ቱን የመጀመሪያ ክፍል እናያለን። ከሻይ በኋላ በ2005 ለሳይንስ ልብወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ያገኘውን፣ «33» የተባለውን የአዲሱን ተከታታይ ክፍል እናያለን፤ በየ33 ደቂቃው ሳይሎን እየደረሰባቸው፣ ለቀናት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ያሉበትን። ከዚያ ውይይት ነው። መጀመሪያ የሚናገሩት የ1978ቱ ወዳጆች ናቸው፤ ሳናቋርጣቸው፣ እስኪጨርሱ።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።