«ጋይስ» ማን ነበር?

ናሆም፦ ሰላም ጋይስ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሜሮን፦ ጀመረህ ደግሞ። ሆን ብለህ ነው አይደል?

ናሆም፦ ሆን ብዬ ነው። የዛሬው ርዕሳችን ራሱ «ጋይስ» ነው። ቲክቶክ ከፍተሽ ይህን ቃል ሳትሰሚ አትወጪም።

ሜሮን፦ ካፌም ያው ነው። ሴቶች ብቻ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ መጥታ «ጋይስ፣ ምን አዘዛችሁ?» የምትል ልጅ አትጠፋም።

ናሆም፦ እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው። «ዩ ጋይስ» ሲባል ወንዱም ሴቷም ይገባሉ። የሚገርመው ግን ቃሉ መጀመሪያ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ነው።

ሜሮን፦ ጋይ ፎክስ።

ናሆም፦ ራሱ! ያ ፂሙ ወደ ላይ የተቀሰረ፣ ፈገግ ያለ ነጭ ጭምብል አለ አይደል? ሰልፍ ላይ የሚያጠልቁት። የእሱ መልክ ተብሎ የተሠራ ነው።

ሜሮን፦ እስቲ ከሥሩ አውጋን።

ናሆም፦ በፈረንጆች 1605 ነው። እንግሊዝን የሚገዛው ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ነው፤ ካቶሊኮቹ ተጨቁነናል ይላሉ። ሮበርት ኬትስቢ የሚባል ሰው ጥቂት ካቶሊኮችን ሰብስቦ ንጉሡን ከነፓርላማው ለማጋየት ያሴራል። የፓርላማው አንዱ ክፍል ከሆነው ከጌቶች ምክር ቤት ሥር ባለ መጋዘን 36 በርሜል ባሩድ ደበቁ። ፎክስ ለስፔን የተዋጋ ወታደር ስለነበረ የባሩዱ ነገር ለእሱ ተሰጠ።

ሜሮን፦ ከዚያ ምስጢሩ አፈተለከ።

ናሆም፦ ለአንድ መኳንንት «ያን ቀን ፓርላማ አትሂድ» የሚል ስም የለሽ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ንጉሡ ጋ ገባ። ለኖቬምበር 5 አጥቢያ መጋዘኑ ተፈተሸ፤ ፎክስ ከነባሩዱ ተያዘ። ስምህ ማነው ሲሉት «ጆን ጆንሰን» አለ።

ሜሮን፦ ይሄ እኮ ስም አይደለም፣ ፎርም መሙያ ነው!

ናሆም፦ ንጉሡ መጀመሪያ በቀላሉ፣ ከዚያ እያከበዳችሁ አሠቃዩት ብሎ በጽሑፍ አዘዘ። ፎክስ ከሰጠው የእምነት ቃል ሥር ያኖረው ፊርማ ዛሬም እንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። «ጊዶ» ብሎ ነው የፈረመው፤ ስፔኖች ጋ ሳለ የያዘው ስም ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ፊደሉ ተንቀጥቅጧል፤ እጁ ብዕር መያዝ ያቃተው ሰው ጽሑፍ ነው። ከቀናት በኋላ ከፈረመው ጋር ስታስተያዪው የአንድ ሰው እጅ አይመስልም።

ሜሮን፦ ውይ! በጃንዋሪ 1606 ተገደለ። እሱ ሲያልቅ የቃሉ ታሪክ ጀመረ።

ናሆም፦ አዎ። ፓርላማው ኖቬምበር 5 የምስጋና ቀን ይሁን ብሎ ደነገገ። ሕጉ እስከ 1859 አልተሻረም። ሕዝቡ እሳት ያነድዳል፣ አሻንጉሊት ሠርቶ ያቃጥላል። መጀመሪያ የሮማውን ጳጳስ ምስልም ያቃጥሉ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ፎክስ ቦታውን ያዘ። አሻንጉሊቱም «ጋይ» ተባለ።

ሜሮን፦ ስሙ ጋይ፣ ዕጣው መጋየት።

ናሆም፦ (ሳቅ) ልጆቹ ደግሞ አሮጌ ልብስ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀው፣ በጋሪ እየገፉ «ለጋዩ አንድ ፔኒ!» ይሉ ነበር።

ሜሮን፦ በለው! የእኛ ሆያ ሆዬ በለው። እኔ የሰማሁት ደግሞ፣ ፎክስ የተማረበት ዮርክ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት አሻንጉሊቱን አያቃጥልም አሉ። የቀድሞ ተማሪያችን ነው ብለው።

ናሆም፦ እውነት ነው፤ ወግ አድርገው ይዘውታል። እና አሻንጉሊቱ ቡትቶ ለባሽ አይደል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አለባበሱ የሚያስቅ ሰው «ጋይ» ይባል ጀመር። ስድብ ነበር። አሜሪካ ሲሻገር ስድቡ ረገፈና ማንኛውም ወንድ «ጋይ» ሆነ።

ሜሮን፦ ሴቶቹስ በየት በኩል ገቡ?

ናሆም፦ እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም «እናንተ»ንም በአንድ «ዩ» ነው የሚጠራው። ድሮ ለአንድ ሰው የሚሆን «ዛው» ነበረው፤ ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው ለመጥራት ድጋፍ አስፈለገ። የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች «ያል» ይላሉ፣ ሌላው «ዩ ጋይስ»።

ሜሮን፦ እኛ ግን «እናንተ» አለን እኮ! «ጎበዝ!»ም አለን። «ጎበዝ፣ እንሂድ እንጂ!» ስትል ዞር የማይል የለም።

ናሆም፦ «ጎበዝ» ዕድር ዕድር ይሸታል። ለቲክቶክ አይሆንም።

ሜሮን፦ አልሞከርከውማ! ደግሞ «ጋይስ» ሴትን የሚያካትተው ስትጣራ ብቻ ነው። አንዲት አሜሪካዊት «አንድ ጋይ ተዋወቅሁ» ብትል ሴት ነው ብሎ የሚገምት የለም። አንዳንድ ሴቶች ቢሮ ውስጥ «ጋይስ» መባል የማይመቻቸው ለዚህ ነው።

ናሆም፦ እኔ ማካበድ ነው ባይ ነኝ።

ሜሮን፦ እሺ፣ ነገ ስብሰባ ላይ «ገርልስ!» ብዬ ብጣራ ዞር ትላለህ?

ናሆም፦ ...አልልም።

ሜሮን፦ በቃ።

ናሆም፦ ኢሜይል ላይስ?

ሜሮን፦ ለጓደኞችህ እንደፈለግህ። ለማታውቀው አለቃ ግን «ሄይ ጋይስ» ብለህ እንዳትጽፍ። «ሄሎ ኤቭሪዋን» ያዋጣሃል።