ሁለት መለያ፣ አንድ ሳጥን

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ከሁሉ በፊት አቀማመጣችሁ ደስ ብሎኛል። የከተማችን የሁለቱ ክለቦች፣ የሀዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና፣ ደጋፊዎች ተቀላቅላችሁ ነው የተቀመጣችሁት። በደርቢ ቀን፣ ሁለቱ ክለቦች ሲጋጠሙ፣ ይሄ የማይታሰብ ነው። የሁለቱ ክለብ ደጋፊዎች ለተቸገሩት አብረን የምንሰበስብበት ማኅበራችን የቆመው ግን በዚህ ነው። የተራበ ሰው ምግቡን ያመጣለት ሰው የየትኛውን ክለብ መለያ እንደለበሰ አይጠይቅም።

ይህ ከተማ ኳስ ይወዳል። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያያችሁ እዚህ አላችሁ። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተውን ሽመልስ በቀለን ያፈራ ከተማ ነው። ፍቅሩ አለን። ጥያቄው ይህ ፍቅር ከዘጠናው ደቂቃ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሌሎች መልስ አግኝተውለታል። የስኮትላንዱ ሴልቲክ በ1887 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ዓላማው በግላስጎው ምሥራቃዊ ሰፈሮች ለሚኖሩ ድሆች ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ብራዘር ዋልፍሪድ የሚባሉ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው። ክለቡ የተወለደው ለተራቡት ሲባል ነው። በሊቨርፑል ከተማ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የሊቨርፑልና የኤቨርተን ደጋፊዎች አብረው በጨዋታ ቀን ስታዲየም አካባቢ ምግብ መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ ቀይ ለባሽ ነው፣ ሌላው ሰማያዊ። የተሰበሰበው ለተቸገሩ ምግብ ለሚያድሉ የከተማው የምግብ ባንኮች ይሄዳል። አንድ ከተማ፣ ሁለት ክለብ፤ ልክ እንደኛ።

ግን እንዳለ ልንቀዳቸው አንችልም። እነሱ ወቅቱን ሙሉ በየተራው በሜዳቸው ይጫወታሉ። የእኛ ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው። ሊጉ ሀዋሳ ሲመጣ ስታዲየም በር ላይ ሳጥን ይዘን እንቆማለን፤ ሰውም አያሳፍረንም። ሊጉ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ግን ሳጥን ይዘን የምንቆምበት በር የለም። የምንረዳው የአረጋውያን መጦሪያ ደግሞ ሊጉ ሄደ ብሎ ምሳ መሥራት አያቆምም። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው በየወሩ ይገዛል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ወገኖቻችንም አንድ ሳምንት እንዝለል ማለት አይችሉም።

ስለዚህ የዛሬው ትልቁ አጀንዳ ወርሃዊ መዋጮ ነው። ዕድር የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዕድር ኀዘን ሲመጣ ገንዘብ ፍለጋ አይሯሯጥም፤ ቀድሞ አስቀምጧል። እኛም እንዲያ እንሁን። መጠኑን ጉባኤው ይወስናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትንሽ ይሁን። የባጃጅ ሹፌሩም፣ ተማሪውም፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው እህታችንም ሳይከብዳቸው የሚከፍሉት ይሁን። መዋጮ ሲበዛ ሰው ይሸሻል፤ ከዚያ በስልክ መለማመጥ ይመጣል። ትንሽ ሆኖ ካልተቋረጠ ግን መጦሪያው ወሩን ሙሉ አስቦ መግዛት ይችላል።

ገንዘብ ሲነሳ እምነትም አብሮ ይነሳል። ሳጥኑ የሚከፈተው የሁለቱም ክለብ ደጋፊዎች ባሉበት ነው። ብሩ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት፣ ባንክ ይገባል። ወጪ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነው። ለማኅበሩ የሚሰጥ ገንዘብ በማንም ሰው የግል ቴሌብር አይገባም። ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ እኔም ብሆን። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው ስለማላምን አይደለም። አንድ ጊዜ ሐሜት ከገባ የሚጎዱት እጃችንን የሚጠብቁት ሰዎች ስለሆኑ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በጣም ያሳስበኛል። ዱቄት ስንሰጥ ፎቶ አናንሳ። ትናንት በራሳቸው ቤት የከበሩ እናት ዛሬ ዘይት ተቀብለው በቲክቶክ መታየት የለባቸውም። ልጆቻቸው ያያሉ፣ ጎረቤት ያያል። ደጋፊው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማወቅ መብቱ ነው። ደረሰኙን እንለጥፍለት፤ የሰው ፊት ግን አንለጥፍ። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ እንዲገባም ሐሳብ አቀርባለሁ።

በጠራራ ፀሐይ ስታዲየም በር ላይ ቆማችሁ ለለመናችሁ ወጣቶች፣ ቡድናችሁ ተሸንፎም ሳጥኑን ላልጣላችሁ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልን።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሂሳብ ያነቡልናል። ደረሰኞቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ከዚያ ወደ መዋጮው ውይይት እንገባለን። ጉባኤው ተከፍቷል።